አበዳሪ ሲበድላችሁ አቤት የሚባለው የት ነው? ሲኤፍፒቢ፣ ስቴት፣ ቢቢቢ ወይስ ፍርድ ቤት

አሜሪካ ውስጥ ከባንክ፣ ከመኪና ሎን ወይም ከኮሌክሽን (ከዕዳ ሰብሳቢ) ጋር የተጨቃጨቀ ሰው ወዳጆቹን ሲያማክር ሁለት መልስ ነው የሚሰማው። አንዱ «ቢቢቢ ላይ ክሰሳቸው» ይለዋል። ሌላው «ተወው ባክህ፣ እነሱን ማን ያሸንፋቸዋል» ይለዋል። ሁለቱም አያዋጡም። ቢቢቢ የነጋዴዎች የግል ማኅበር ነው እንጂ ክስ የሚቀበል ቦታ አይደለም። አበዳሪዎችም ይሸነፋሉ፣ የሚሸነፉት ግን ትክክለኛው በር ቀኑ ሳያልፍ ሲንኳኳ ነው።

አስቸጋሪው በሮቹ ብዙ መሆናቸው ነው። የተናደደ ሰው አንድ ደብዳቤ ጽፎ ለሁሉም ይበትናል፣ ከዚያ አንዱም ጋ ሳይሳካለት ሲቀር ተስፋ ይቆርጣል። ስለዚህ እዚህ እያነጻጸርኩ እጽፋለሁ፣ የራሴንም አስተያየት አልደብቅም። የስቴት ምሳሌዎቼ ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናቸው፣ ያው አበሻው እዚያ ስለሚበዛ። የፌዴራሉ ክፍል ግን የትም ብትኖሩ ያው ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ጠበቃ አይደለሁም፣ ብዙ ገንዘብ ያለበት ጉዳይ ከሆነ ጠበቃ አናግሩ።

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ለዩ

«ፍትሕ እፈልጋለሁ» የሚባል ነገር የትም ቢሮ ፎርም ላይ የለም። ያላግባብ የተወሰደባችሁ ገንዘብ እንዲመለስ ነው የምትፈልጉት? ክሬዲት ሪፖርት ላይ ያለ ስህተት እንዲነሳ? ስልኩ መጮሁን እንዲያቆም? ወይስ ድርጅቱ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደግመው መቀጣቱን? እያንዳንዱ የተለያየ በር አለው። ቅጣት የሚፈልግ ሰው ስሞል ክሌምስ (የትንሽ ገንዘብ ክርክር የሚታይበት ፍርድ ቤት) ቢሄድ ጊዜውን ያባክናል። ገንዘቡን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ኤፍቲሲ (የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን) ላይ ሪፖርት አድርጎ ቢጠብቅ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ሁለተኛው ነገር ቀን ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፦ የትም ቦታ አቤቱታ ማስገባት የሕጉን ሰዓት አያቆምም። ክሬዲት ካርድ ላይ የተሳሳተ ክፍያ ካያችሁ ስህተቱ ያለበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ መድረስ አለበት። የሚላከው ክፍያ ወደሚላክበት አድራሻ ሳይሆን ስቴትመንቱ ላይ የቢል ጥያቄ መቀበያ ተብሎ ወደተጻፈው አድራሻ ነው። ደብዳቤው በጊዜው ከደረሰ ባንኩ በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ ቢበዛ በ90 ቀን ውስጥ ደግሞ ጉዳዩን መጨረስ አለበት። እስከዚያ ያከራከረውን ብር አለመክፈል ትችላላችሁ፣ እነሱም አልከፈለም ብለው ለክሬዲት ቢሮ ሪፖርት ማድረግ አይችሉም። በስልክ ብቻ ተነጋግራችሁ 60 ቀኑ ካለፈ ግን ይህ ሁሉ መብት ይላላል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ስለዚህ የመጀመሪያው በር ሁልጊዜም ድርጅቱ ራሱ ነው፣ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ። ሰርቲፋይድ ሜይል ከነመቀበያ ፊርማው ጥቂት ዶላር ነው፣ በኋላ ግን ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል። መደወል ካለባችሁም የተናገራችሁትን ሰው ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያዙ።

ሲኤፍፒቢ

የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ነው። ከ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ በኋላ በ2010 ሕግ ተቋቁሞ በ2011 ሥራ ጀመረ። ክሬዲት ካርድ፣ የቤት ብድር፣ የመኪና ሎን፣ የተማሪ ብድር፣ ፔይዴይ ሎን፣ ኮሌክሽን፣ ክሬዲት ሪፖርት፣ ሁሉንም ይቀበላል። ነጻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አቤቱታችሁን ለድርጅቱ ያስተላልፋል፣ ድርጅቱ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ ይመልሳል፣ ጉዳዩ ከከበደ እስከ 60 ቀን ሊወስድ ይችላል። መልሱ ሲመጣ አይታችሁ አስተያየት የምትሰጡበት ጊዜ አለ። ቢሮው ዳኛ አይደለም። «አንተ ልክ ነህ፣ እሷ ጥፋተኛ ናት» አይልም። ታዲያ ምን ይጠቅማል? ደብዳቤያችሁ የደንበኞች አገልግሎት ስልክ ላይ ከምታገኙት ልጅ እጅ ወጥቶ ድርጅቱ ውስጥ ለተቆጣጣሪ መልስ የሚሰጠው ክፍል ጋ ይደርሳል። ያኛው ክፍል ጥፋትን የመሰረዝ፣ ገንዘብ የመመለስ ሥልጣን አለው። በስልክ ለወራት ጆሮ ዳባ ልበስ ያለ ባንክ እዚህ ሲመጣ ድንገት ጨዋ ይሆናል።

ሆኖም ብዙው አቤቱታ የሚዘጋው «ማብራሪያ ተሰጥቷል» ተብሎ ነው፣ ገንዘብ ሳይመለስ። ልዩነቱን የሚያመጣው አጻጻፉ ነው። እስቲ እነዚህን ሁለት ተመልከቱ።

አንደኛው፦ «ይህ ድርጅት ሌባ ነው። ለዓመታት ከፍዬ አሁንም ያሠቃየኛል። ሠራተኞቹ ባለጌዎች ናቸው። ፍትሕ እፈልጋለሁ።»

ሁለተኛው፦ «የመኪና ሎኔን ማርች 3 ከፍዬ ጨርሻለሁ፣ ማረጋገጫው ተያይዟል። ማርች 20 ስደውል ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) በ10 ቀን ይላካል ተባልኩ። እስከ ሜይ 1 አልመጣም። ክሬዲት ሪፖርቴ ላይ አሁንም 412 ዶላር ቀሪ ይላል፣ ገጹ ተያይዟል። የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ ታይትሉ እንዲላክልኝ፣ ሪፖርቱ ላይ ቀሪው ዜሮ እንዲሆን።»

የመጀመሪያውን ያነበበ ሠራተኛ የሚሠራው ነገር የለውም። ይቅርታ ጠይቆ ይዘጋዋል። ሁለተኛውን ግን ወይ መፈጸም ወይ ለምን እንደማይፈጽም መጻፍ አለበት። ስድብ ደስ ይላል፣ ይገባኛል፣ ግን ለጓደኛ ይቀመጥ። ሰነዱን ከመጀመሪያው አያይዙ፣ ምክንያቱም በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለተኛ አቤቱታ ማስገባት በአብዛኛው አይፈቀድም።

እንግሊዝኛ መጻፍ የሚከብደው ሰው በስልክ ማስገባት ይችላል። ቁጥሩ 855-411-2372 ነው፣ ከ180 በላይ ቋንቋዎች በአስተርጓሚ ያስተናግዳሉ። «አማሪክ» ብላችሁ ጠብቁ። ልጅ እያስተረጎመ ከሚጽፈው ይሻላል፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የዕዳ ቃላት አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም።

የፖለቲካውን ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ አስተዳደሩ ይህን ቢሮ ለማሳነስ ሠራተኛ ሊቀንስ ሞክሮ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሷል። አቤቱታ መቀበሉ በሕግ የተጣለበት ግዴታ ነው፣ ድርጅቶችን መርምሮ የመቅጣት ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ላይ ሲኤፍፒቢን ብቻ ይዞ መቀመጥ አልመክርም። የስቴቱን በር አብራችሁ አንኳኩ።

የክሬዲት ሪፖርት ስህተት ከሆነ

ክሬዲት ቢሮ የሚባሉት ኢኩዊፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የየራሳቸው መዝገብ ነው ያላቸው። አንዱ ላይ ያረማችሁት ሌላው ላይ ሊቀር ይችላል። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ የሦስቱንም በየሳምንቱ በነጻ ማየት ይቻላል። ካርድ ቁጥር ከጠየቃችሁ የተሳሳተ ገጽ ላይ ናችሁ ማለት ነው።

ስህተቱን መጀመሪያ ለክሬዲት ቢሮው አሳውቁ፣ መረጃውን ለሰጠው አበዳሪም በቅጂ። ቢሮው በ30 ቀን፣ አንዳንዴ በ45 ቀን ውስጥ አጣርቶ መመለስ ግዴታው ነው። ማረጋገጥ ያልቻለውን ማንሳት አለበት። ይህን ሳታደርጉ በቀጥታ ሲኤፍፒቢ ብትሄዱ «መጀመሪያ ቢሮውን ጠይቅ» የሚባል መልስ ይጠብቃችኋል፣ በኋላ ለመክሰስም መሠረቱ ይህ ደብዳቤ ነው። የአበሻ ስም ላይ አንድ ልብ በሉ፦ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚገባና አጻጻፉ ከሰነድ ሰነድ ስለሚለያይ የሁለት ሰው መዝገብ ይደባለቃል። ተስፋዬ የሚባል አባት ያላቸው ስንት ናቸው! እንዲህ ከሆነ «የእኔ አይደለም» ብቻ አትበሉ፣ የልደት ቀንና የአድራሻ ልዩነቱን አስረዱ።

ስማችሁን ሰው ሰርቆ ከተበደረ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፣ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ገቭ ላይ ሪፖርት ካወጣችሁ በኋላ ቢሮዎቹ ያንን ዕዳ በ4 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲደብቁት ማስገደድ ይቻላል።

ኮሌክሽን

እዚህ ላይ ሰው በጣም ይፈራል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ዕዳ ሰብሳቢዎችን የሚገዛ የ1977 የፌዴራል ሕግ አለ። የሚሠራው በዋናነት ዕዳውን ለሌላ በሚሰበስቡ ወይም በገዙ ድርጅቶች ላይ ነው፣ ካርዱን የሰጣችሁ ባንክ ራሱ ሲደውል ብዙውን ጊዜ አይሠራም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ በአበሻ ሰዓት፣ ማለትም በነሱ ከ8 በፊትና ከ9 በኋላ፣ መደወል አይችሉም። ከ2021 መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በአንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ ከደወሉ ሕግ እንደጣሱ ይገመታል። «ፖሊስ እንልካለን»፣ «ለኢሚግሬሽን እንነግራለን» ማለት ክልክል ነው። ተራ የካርድ ወይም የሐኪም ቤት ዕዳ ባለመክፈል ማንም አይታሰርም። እንዲህ የሚል ሰው ከደወለ ከሕጋዊ ሰብሳቢ ይልቅ አጭበርባሪ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፣ በጊፍት ካርድ ክፈሉ ካለ ደግሞ ምንም ጥርጥር የለውም።

ሰብሳቢው መጀመሪያ ካነጋገራችሁ በ5 ቀን ውስጥ ዝርዝር የያዘ ማስታወቂያ መላክ አለበት፦ አበዳሪው ማን እንደሆነ፣ ዕዳው ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ ማስተባበል እንደምትችሉ። ከዚያ 30 ቀን አላችሁ። በእነዚያ 30 ቀናት ውስጥ «ይህን ዕዳ አላምንበትም፣ ማረጋገጫ ላኩ» ብላችሁ በጽሑፍ ከላካችሁ ማረጋገጫ እስኪልኩ መሰብሰቡን ማቆም ግዴታቸው ነው። ዕዳው ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ወረቀቱ ስለሚጠፋ ሳይልኩ የሚቀሩም አሉ። ለእኔ ከሁሉም በሮች ርካሹና ፈጣኑ ይህ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነው። ሲኤፍፒቢም ዐቃቤ ሕግም ከዚህ በኋላ ይምጡ።

«አትደውሉልኝ» የሚል ደብዳቤም አለ። ስልኩን ያስቆማል፣ ዕዳውን አያጠፋም። ስልክ ሲያቅታቸው ወደ ክስ የሚሄዱ ስላሉ ትልቅ ዕዳ ከሆነ አስቡበት።

የድሮ ዕዳ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። በዲሲና በሜሪላንድ አብዛኛው የውል ዕዳ በ3 ዓመት የመክሰሻ ጊዜው ያልፋል፣ ቨርጂኒያ የተፈረመ ውል 5 ዓመት ነው። ጊዜው ባለፈ ዕዳ መክሰስ ወይም እከሳለሁ ብሎ ማስፈራራት ለሰብሳቢ ክልክል ነው። ግን ደውለው በጣፋጭ አፍ «ለጊዜው 20 ዶላር ብቻ ክፈሉ» ይላሉ። በብዙ ስቴት ያቺ 20 ዶላር ሰዓቱን እንደ አዲስ ታስጀምረዋለች። ክሬዲት ሪፖርት ላይ የሚቆይበት 7 ዓመት ከዚህ ጋር አይገናኝም፣ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል።

ሕጉን ከጣሱ በአንድ ዓመት ውስጥ ልትከሷቸው ትችላላችሁ። ጉዳት ባይደርስባችሁም እስከ 1,000 ዶላር፣ ከዚያም በላይ የጠበቃችሁን ወጪ ይከፍላሉ። ለዚህ ነው የሸማች ጠበቆች ከደንበኛ ሳንቲም ሳይቀበሉ እንዲህ ያለ ጉዳይ የሚይዙት። «ጠበቃ የምከፍለው የለኝም» ብላችሁ ከመቅረታችሁ በፊት ይህን አስታውሱ።

ስቴት፦ የተረሳው በር

እውነቱን ለመናገር በ2025 እና ከዚያ በኋላ ከመንግሥት በሮች መጀመሪያ የምልከው እዚህ ነው። ሁለት ቢሮ አለ፣ አታምታቷቸው። አንደኛው የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍል ነው፣ በማንኛውም ንግድ ላይ አቤቱታ ይቀበላል፣ ያደራድራልም። ሌላው ለአበዳሪዎች ፈቃድ የሚሰጠው ነው፦ ሜሪላንድ ላይ የፋይናንስ ቁጥጥር ቢሮ፣ ቨርጂኒያ ላይ የስቴት ኮርፖሬሽን ኮሚሽን የፋይናንስ ተቋማት ክፍል፣ ዲሲ ላይ ዲአይኤስቢ የሚባለው። አበዳሪው ፈቃዱን ከዚህ ስለሚያገኝ ከዚህ የመጣ ደብዳቤ ያስደነግጠዋል።

እዚህ የሚጠቅማችሁ ጥያቄ «ይህ ድርጅት እኔ ስቴት ውስጥ ለማበደር ፈቃድ አለው ወይ?» የሚለው ነው። ኤንኤምኤልኤስ ኮንሲውመር አክሰስ የሚባል ገጽ ላይ ስሙን ብታስገቡ ይታያል። በኢንተርኔት የሚያበድሩ ብዙዎች ፈቃድ የላቸውም። ቨርጂኒያ ከ2021 ጀምሮ በአነስተኛ ብድር ላይ 36 በመቶ ጣሪያ አድርጋለች፣ ዲሲ ላይ 24 በመቶ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው አፕ ሦስት አሃዝ ወለድ ከጠየቃችሁ አቤቱታው «ወለዱ በዛብኝ» መሆኑ ቀርቶ «ያለ ፈቃድ ከጣሪያው በላይ አበድሮኛል» ይሆናል። ሁለተኛው ውሉን ራሱን ሊያፈርስ ይችላል።

ዲሲ የምትኖሩ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ። በ2004ቱ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፣ አማርኛም ሰነድ ከሚተረጎምባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ማንም ሰው «አስተርጓሚ ይዘህ ና» ካላችሁ እሱ ራሱ ሌላ አቤቱታ ነው።

ትልልቆቹ ባንኮች ላይ የስቴት ጉልበት ይቀንሳል። ስማቸው ውስጥ «ናሽናል» ወይም «ኤን.ኤ.» ካለ ተቆጣጣሪያቸው የፌዴራሉ ኦሲሲ ነው። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየን ከሆነ ኤንሲዩኤ። ከሲኤፍፒቢ ጎን ለጎን ለእነዚህ መላክ ይቻላል።

ቢቢቢና ኤፍቲሲ

ቢቢቢ የመንግሥት አይደለም። ከ1912 ጀምሮ ያለ የግል ማኅበር ነው፣ አባል ነጋዴዎች ከፍለው ነው «አክሬዲትድ» የሚባሉት። ሥራው የሽማግሌ ነው፦ ቅሬታችሁን ለነጋዴው ይልካል፣ በ14 ቀን መልስ እንዲሰጥ ይጠይቃል፣ አልመጣም ካለ ግን የሚያመጣበት ገመድ የለውም። በ2010 ኤቢሲ ኒውስ ባወጣው ምርመራ አንዳንድ ነጋዴዎች የአክራሪ ድርጅት ስም የያዘ የሌለ ንግድ አስመዝግበው፣ ከፍለው፣ ኤ ማይነስ አግኝተው ነበር። የደቡብ ካሊፎርኒያው ቅርንጫፍ በ2013 ከማኅበሩ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ አሠራራቸውን አስተካክለናል ይላሉ። እኔ ቢቢቢን የምጠቀመው ስሙ ለሚያሳስበው ትንሽ የሠፈር ዲለር (መኪና ሻጭ) ብቻ ነው፣ ለእሱ በእርግጥ ይሠራል። ለትልቅ ባንክ አትድከሙ።

ኤፍቲሲ ደግሞ የመንግሥት ነው፣ ጉልበትም አለው፣ የግለሰብ ጉዳይ ግን አይፈታም። ሪፖርታችሁ ከሌሎች ጋር ተደምሮ ምርመራ ሊያስጀምር ይችላል። ለአጭበርባሪ ሪፖርት አድርጉ፣ መልስ ግን አትጠብቁ።

መኪናው

ከሁሉም የሚያደናግረው የመኪና ጉዳይ ነው፣ ምክንያቱም በአንድ ውል ውስጥ ሻጩና አበዳሪው ሁለት ናቸው። ሲኤፍፒቢ በአብዛኞቹ ዲለሮች ላይ ሥልጣን የለውም፣ ሕጉ ራሱ አውጥቷቸዋል። በብድሩ ድርጅት ላይ ግን አለው። ስለዚህ ዲለሩ ከዋሻችሁ ዐቃቤ ሕግ፣ ቨርጂኒያ ከሆነ የሞተር ተሽከርካሪ ዲለሮች ቦርድም አለ፣ ሜሪላንድ ከሆነ የመኪና ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ኤምቪኤ። አበዳሪው ክፍያችሁን ካሳሳተ ሲኤፍፒቢ።

የተለመደውን ጨዋታ ታውቁታላችሁ። ፈርማችሁ፣ አሮጌ መኪናችሁን ሰጥታችሁ፣ በአዲሱ መንዳት ከጀመራችሁ በኋላ «ሎኑ አልጸደቀም፣ ተመለሱና ሌላ ፈርሙ» ይላሉ። አዲሱ ወረቀት ላይ ወለዱ ጨምሯል። እዚያው ቆማችሁ አትፈርሙ። ያልጸደቀበትን የጽሑፍ ማስታወቂያ ጠይቁ፣ አሮጌው መኪናና ቅድመ ክፍያው የት እንዳሉ ጠይቁ፣ የመጀመሪያውን ውል ቅጂ ይዛችሁ ውጡ። በሦስት ቀን ውስጥ መኪና መመለስ ይቻላል የሚለው ወሬ ዲለር ቤት ለተገዛ መኪና አይሠራም፣ ያ የፌዴራል ደንብ ለሌላ ዓይነት ሽያጭ ነው።

አንድ በጣም ጠቃሚ ነገር ግን ውሉ ጀርባ ላይ በወፍራም ፊደል ታትሞ አለ። ውሉን የያዘ ማንኛውም ድርጅት ሻጩ ላይ ልታነሱት የምትችሉት ክርክርና ጥያቄ እሱም ላይ ይነሳበታል ይላል። በሌላ አነጋገር ዲለሩ የተበላሸ መኪና ዋሽቶ ሸጦላችሁ ቢጠፋ፣ ሎኑን የገዛው ድርጅት «እኔን አያገባኝም» ማለት አይችልም፣ እስከ ከፈላችሁት ገንዘብ ድረስ። አቤቱታችሁ ውስጥ ይህችን አንቀጽ ጥቀሱ። ሎኑን ቀድማችሁ ከከፈላችሁ ወይም ሪፋይናንስ ካደረጋችሁ ደግሞ የጋፕ ኢንሹራንሱና (መኪናው ከጠፋ ያልተሸፈነውን የሎን ቀሪ የሚከፍለው) የዋራንቲው ቀሪ ሊመለስላችሁ ይችላል፣ ካልጠየቃችሁ ግን ብዙዎቹ ዝም ነው የሚሉት።

ስሞል ክሌምስ ወይስ ግልግል

የታወቀ ገንዘብ ካለና ወረቀት ካላችሁ ስሞል ክሌምስ ጥሩ ነው። ጣሪያው ሜሪላንድና ቨርጂኒያ 5,000 ዶላር፣ ዲሲ 10,000 ዶላር ነው። ቨርጂኒያ ስሞል ክሌምስ ውስጥ ጠበቃ ይዞ መቅረብ አይፈቀድም፣ ድርጅቱ ግን ጉዳዩ ወደ ጄኔራል ዲስትሪክት ኮርት እንዲዛወር መጠየቅ ይችላል። ሜሪላንድና ዲሲ ላይ አስተርጓሚ በነጻ ይመደባል፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። የሚያሰናክለው ትንሹ ነገር ስም ነው፦ መለያው ላይ ያለው የንግድ ስምና በሕግ የተመዘገበው ስም ይለያያሉ። የስቴቱ የንግድ መዝገብ ላይ ትክክለኛውን ስምና መጥሪያ የሚቀበልለትን ወኪል አይታችሁ ክሰሱ። ክሬዲት ሪፖርት ማረም ግን እዚህ አይሆንም፣ ይህ ቤት የሚፈርደው ብር ነው።

ውላችሁ ውስጥ የግልግል አንቀጽ ይኖራል፣ ክርክሩ በፍርድ ቤት ሳይሆን በግል ዳኛ ይታይ የሚል። አብዛኞቹ ስሞል ክሌምስን ነጻ ይተዋሉ፣ አንብቡት። አዲስ ካርድ ስታወጡ በ30 ወይም በ60 ቀን ውስጥ ደብዳቤ ጽፎ ከግልግሉ መውጣት የሚፈቅዱም አሉ። ግልግል ውስጥ ከገባችሁ ትልቁን ወጪ የሚከፍለው ድርጅቱ ነው፣ ስለዚህ ለሦስት መቶ ዶላር ጉዳይ መከራከሩ እሱን አያዋጣውም፣ አንዳንዴ ጥያቄው እንደገባ የሚስማሙት ለዚህ ነው። ይግባኝ ግን የለም ማለት ይቻላል።

«ክሬዲት እናስተካክላለን» የሚሉትን በአማርኛ የሚያስተዋውቁትንም ጨምሮ በዚህ ለኩዋቸው፦ ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ መቀበል በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። ቅድሚያ የጠየቀ ሁሉ ከበሩ ይመለስ። የሚሠሩት ደብዳቤ መላክ ነው፣ እሱን እናንተም ትልካላችሁ።

መጥሪያ ከመጣ

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሳትከሰሱ በፊት ነው። የፍርድ ቤት መጥሪያ እጃችሁ ከገባ ሲኤፍፒቢም ዐቃቤ ሕግም አያስቀሩትም። ሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት ከሆነ ከመጥሪያው ጋር የመጣውን የመከላከያ ቅጽ በ15 ቀን ውስጥ መልሱ። ቨርጂኒያ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ባለው ቀን ተገኙ። ካልቀረባችሁ በሌላችሁበት ይፈረድና ደመወዝና ባንክ ላይ ይመጣሉ። ከቀረባችሁ ደግሞ ዕዳውን የገዛው ድርጅት ዕዳው የእናንተ መሆኑን፣ ልኩን፣ ለመሰብሰብ መብት እንዳለው በወረቀት ማሳየት ይጠበቅበታል። ዲሲ ላይ ጼዴክ ዲሲ የሚባለው ድርጅት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ነዋሪዎች የዕዳ ጉዳይ በነጻ ይይዛል። መጥሪያው በደረሰ ቀን ደውሉ፣ ቀጠሮው ዋዜማ ላይ አይደለም።